ሁለተኛው አረፋ

ጢም ሁለት ጊዜ ነው የሚላጨው። መጀመሪያ አረፋ ተቀብቶ ምላጩ ጸጉሩ በተኛበት በኩል ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያ እንደገና አረፋ ተቀብቶ የተረፈውን ሽቅብ ይጠርገዋል። የመጀመሪያው አረፋ ማንም ዘንድ ሙቅ ነው። ባለሙያ የሚለየው በሁለተኛው ነው። ሁለተኛው አረፋ ከቀዘቀዘ ቆዳ ይኮማተራል፣ ምላጭ ይነክሳል፣ ደንበኛም ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሌላ ጸጉር ቤት ትዝ ይለዋል።

ይህን ሁሉ የተማርኩት ተቀምጬ ነው። ሥራዬ ሰዓት መጠገን ነው፤ ሱቄና ጸጉር ቤቱ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ሰው ሰዓቱን ስልኩ ላይ ማየት ከጀመረ ወዲህ እኔ ሱቅ ዝንብ እንኳ የምትገባው ተሳስታ ስለሆነ፣ ቀኑን የምገፋው ጸጉር ቤቱ አግዳሚ ላይ ነው።

ጸጉር ቤቱ ሁለት ወንበር አለው። በር አጠገብ ባለው የሚሠራው ባለቤቱ ነው፤ ሰፈሩ "ባለድስቱ" ይለዋል። በውስጠኛው የሚሠራው የሟች ሚስቱ ወንድም ነበር፤ እሱን "ቀጮ" እንለዋለን፤ ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው ካለ አይቶት አያውቅም ማለት ነው። በሁለቱ ወንበሮች መሃል ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ ድስቷ አለች።

ወፍራም፣ ጥቁር፣ አንድ ጆሮዋ በሽቦ የተጠገነ ብረት ድስት ናት። ባለድስቱ ጠዋት ጓሮ ካለው ቡታጋዝ የፈላ ውሃ ያመጣና ይሞላታል። ከዚያ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ሳሙናውን በብሩሽ እያሸ፣ አረፋው ቆሞ እስኪቀር ድረስ ይመታዋል፤ ሳህኑን ውሃው ላይ ያስቀምጥና የታጠፈ ፎጣ ያለብሰዋል። ሁለቱም ወንበሮች የሚቀዱት ከዚያችው ሳህን ነበር።

"ይቺ ድስት እሳት አትፈልግም" ይላል ባለድስቱ ለአዲስ ደንበኛ ሁሉ። "ጠዋት የጠጣችውን ሙቀት እስከ ምሳ አትተፋም። ንካት እስቲ።"

ደንበኛው ይነካታል፤ እጁን ቶሎ ያነሳል፤ ይገረማል። ቀጮ በዚህ ጊዜ ሁልጊዜ ጣሪያውን ነበር የሚያየው።

ድስቷ የሚስትየዋ ነበረች። ሴትዮዋ ስትሞት ወንድሟ ከቀብር መልስ፣ "ለማስታወሻ ድስቷን ስጠኝ" አለ።

"ድስቷ ሥራ ላይ ናት" አለው ባለድስቱ።

"እህቴም ሥራ ላይ ነበረች" አለ ቀጮ።

የመጨረሻ ንግግራቸው ይኸው ሆነ። በማግስቱ ባለድስቱ ወንበሩን ወደ በሩ አዞረው። ለብርሃን ነው አለ። ከዚያ ወዲያ ጀርባውን ለውስጠኛው ወንበር ሰጥቶ መሥራት ጀመረ፤ አንገቱ ወደዚያ በኩል አልዞርም ያለው ይመስል፣ ዕቃ ሲፈልግ እንኳ በዳበሳ ነበር የሚያነሳው። ሥራው ግን አልተቋረጠም። ሁለቱም ጠዋት ይመጣሉ፣ ማታ ይሄዳሉ፣ ከአንድ ሳህን ይቀዳሉ። የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው።

"ጎረቤት፣ ለዚያ ሰውዬ ንገረው፣ መቀሱን ይመልስልኝ።"

ያ ሰውዬ ክንዱን ቢዘረጋ ይነካዋል።

"መቀሱን መልስ ይልሃል" እላለሁ።

"ንገረው፣ መቀሱ ኪሱ ውስጥ ነው።"

"ኪስህ ውስጥ ነው ይላል።"

ባለድስቱ ኪሱን ይዳብሳል። መቀሱ እዚያው ነው።

"ንገረው፣ አውቄ ነው።"

አንድ የሚያጨቃጭቃቸው ነገር ግን ነበር። ቀጮ ሥራ መሃል ብድግ ብሎ ጓሮ ይወጣል። ደንበኛው አንድ ጊዜ ተላጭቶ፣ ሁለተኛውን አረፋ እየጠበቀ፣ ከፎጣው በላይ ጭንቅላቱ ብቻ ቀርቶ ይቀመጣል። ቀጮ እርጥብ ፎጣ ክንዱ ላይ ጥሎ ይመለሳል። ይህ በየደንበኛው ነው።

"ጎረቤት፣ ጠይቀው እስቲ፣ ጓሮ ምን ያመላልሰዋል?"

"ንገረው፣ ፊኛዬ ደካማ ነው።"

ባለድስቱ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ከዚያ በኋላ የቀጮ ፊኛ የሰፈር ወሬ ሆነ። ደንበኛ ካፖርቱን ሳያወልቅ ወሬው ይጀመራል። "ሰውዬው ፊኛ የለውም። ወንፊት ነው የተሰጠው።" ቀጮ እዚያው ቆሞ ምላጩን በመሳያው ቆዳ ላይ ወዲያና ወዲህ ያፋጫል። አንድም ቀን መልስ ልኮ አያውቅም።

ብርድ ሲገባ የቀጮን ደረት ያዘው። አንድ ቀን ጠዋት ሽርጡ ሚስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ባለድስቱ ጀርባውን እንደሰጠ ብዙ ከቆየ በኋላ፣ "ጎረቤት፣ ያ ሰውዬ አልመጣም?" አለኝ።

"አልመጣም። ታሟል አሉ።"

"ንገረው..." ብሎ ጀመረና አፉን ዘጋ። የሚነገረው አልነበረም።

አረፋው መቀዝቀዝ የጀመረው ያኔ ነው። መጀመሪያ የተናገረው አንድ ሾፌር ነበር። ሁለተኛው አረፋ ጉንጩን ሲነካው ትከሻው ተኮማተረ።

"ጋሼ፣ ምነው ዛሬ ከፍሪጅ አወጣኸው እንዴ?"

ባለድስቱ ሳቀ። ሾፌሩ ሲወጣ ግን ፎጣውን ገልጦ ጣቱን ውሃው ውስጥ ነከረ። ለብ ብሎ ነበር። ሳሙናውን ጠረጠረና ሳሙና ቀየረ። ፎጣውን ጠረጠረና ሁለት አደረገው። ነፋሱን ጠረጠረና እኔን ከአግዳሚው አስነስቶ በሩ ሥር አስቀመጠኝ፤ እንዲህ ሰፊ ጀርባ እያለኝ ነፋስ ማገድ ካልቻልኩ ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ። አረፋው ያው ቀዘቀዘ። የቀጮ ደንበኞች የነበሩት ወደ ባለድስቱ ወንበር ተሻግረው አንድ ጊዜ ይላጩና በሚቀጥለው ሳምንት አይመጡም። ውስጠኛው ወንበር ላይ አቧራ ማረፍ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ብቻ እየቀረን እኔ መንገዱን አያለሁ፣ እሱ ድስቷን ያያል።

እኔ ምክንያቱን አውቅ ነበር፤ እሱም የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር። እዚያ ቤት የታወቀን ነገር እንዳልታወቀ ማድረግ የዘወትር ሥራ ስለነበረ፣ ይህንንም የዚያው አካል አድርጌ ቆጠርኩት።

አንድ ቀን ጠዋት የቀጮ ልጅ መጣች። ሌላ ከተማ የምትኖር፣ ትዳር የያዘች ልጅ ናት። በሩ ላይ ቆማ፣ "ጋሼ፣ እንደምን አደራችሁ" አለች። "የአባዬን ዕቃ ልወስድ ነበር። ነገ በጠዋት ይዤው እሄዳለሁ። የእኛ አገር አየር ለደረቱ ይሻለዋል ብለውኛል።"

ባለድስቱ ምላጭ እየሳለ ነበር። "ንገራት፣ ዕቃው እዚያው አለ" አለኝ።

ልጅቷ ወደ እኔ አየች። እኔም በልማድ፣ "እዚያው አለ" አልኳት።

ሽርጡን፣ መቀሱንና ምላጩን በፌስታል ከተተች። ከዚያ አልሄደችም። ፌስታሉን በሁለት እጇ ይዛ ትንሽ ቆመች። "የሚመለስ አይመስለኝም፣ ጋሼ" አለች።

ምላጩ ቆዳው ላይ ወዲያ ሄደ፤ ወዲህ ተመለሰ።

"ንገራት፣ መንገዱ ይቅናቸው።"

አልነገርኳትም፤ ሰምታለች። ወጣች። ባለድስቱ የሳለውን ምላጭ እንደገና መሳል ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን ብረት በያጅ አስጠራ። አንድ ልብስ ሰፊ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ አንድ ጊዜ ተላጭቶ፣ ሁለተኛውን ይጠብቃል፤ ይህ ልብስ ሰፊ ድሮ የቀጮ ደንበኛ ነበር። በያጁ ድስቷን ባዶ አድርጎ ገለበጣት፤ በጣቱ አንኳኳት፤ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጣት።

"ምን ሆና ነው?" አለ ባለድስቱ።

"ምንም አልሆነችም።"

"ታዲያ ሙቀት ለምን አትይዝም?"

"ጋሼ፣ ድስት እኮ ናት። ካልጣዷት ትቀዘቅዛለች።"

"ይቺ አትቀዘቅዝም ነበር።"

በያጁ እኔን አየኝ። የባለድስቱን ፊት አየሁት፤ እውነትም እንደማያውቅ ያኔ ገባኝ። አፌን ስከፍት ልብስ ሰፊው ቀደመኝ።

"ቀጮ ነበራ ውሃውን የሚቀይረው" አለ።

"የቱን ውሃ?"

"የድስቷን። ጓሮ ይወጣል፣ ማንቆርቆሪያውን በፎጣ ሸፍኖ ይመጣል፣ የቀዘቀዘውን ባልዲ ውስጥ ይቀንስና ትኩሱን ይጨምራል። በየደንበኛው ነው።"

"ጓሮ የሚወጣው ለሽንቱ ነው።"

ልብስ ሰፊው አገጩ ላይ የቀረውን አረፋ በፎጣው ጠረገ። ያለጥድፊያ ነው የጠረገው። "ጋሼ፣ ጓሮው ያንተ ነው። እዚያ ሽንት ቤት አለ እንዴ?"

ጓሮው ያለው ቡታጋዝና አንድ የተሰበረ ወንበር ነው። ሽንት ቤቱ በዋናው በር ወጥቶ ከሕንፃው ጎን ነው። ባለድስቱ ወደ ጓሮው በር ዞረ። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው አንገቱ ወደዚያ ሲዞር ያየሁት።

"ጎረቤት፣ አንተም ታውቅ ነበር?"

"ሁሉም ያውቃል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ንገረው አላለኝም።"

በያጁ ድስቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቀስ ብሎ ወጣ። ባለድስቱ ልብስ ሰፊውን በቀዝቃዛ አረፋ ላጨው፤ ልብስ ሰፊውም እየተነከሰ ተላጨ። ሲጨርስ ባለድስቱ ጓሮ ወጥቶ ውሃ አፈላ። ድስቷን ሞላት፤ አዲስ አረፋ መታ፤ ሳህኑን ውሃው ላይ አስቀመጠ፤ በፎጣ ጠቀለላት።

"ተነስ" አለኝ።

"የት?"

"እሱ ጋ። ነገ ይሄዳል እየተባለ።"

"እኔ ምን ልሠራ?"

"ማን ያናግረዋል ታዲያ?"

መንገዱ ረጅም አይደለም፤ ግን የሞላ ድስት ታቅፎ የሚሄድ ሰው ያረዝመዋል። ውሃው እንዳይፈስ ሰውዬው እንደ ወላድ ነበር የሚራመደው። መኪና ባለፈ ቁጥር ቆመን እናሳልፋለን። ብሩሹና ምላጩ እኔ ኪስ ውስጥ ናቸው። በየመታጠፊያው ፎጣውን ገለጥ አድርጎ ጣቱን ይነክራል፤ ይሸፍናል፤ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ይፈስበታል፤ ያዘግማል።

ቀጮ የሚኖረው ደረጃ ተወጥቶ ከላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ከመስኮቱ ሥር አልጋ፣ ከአልጋው አጠገብ ሁለት የታሰሩ ካርቶኖች፣ ከመጋረጃው ጀርባ ማብሰያ። ልጅቷ ሻንጣ ታስራለች። ቀጮ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ጢሙ ነጭ ሆኖ አድጓል፤ ሌላ ሰው መስሏል። ስንገባ መጀመሪያ ያየው ድስቷን ነው።

"ጎረቤት፣ ንገረው፣ ልላጨው ነው የመጣሁት" አለ ባለድስቱ ከበሩ ላይ።

"ሊላጭህ ነው የመጣው።"

"ጠይቀው፣ ድስቷ ዛሬ ሥራ የላትም ወይ?"

"ሥራ የላትም ወይ ይልሃል።"

"ንገረው፣ ሥራዋ እዚህ ነው።"

ቀጮ አሰበበት። ሳል መጣበት፤ ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቅነው።

"ንገረው፣ ጢሜን ላሳድገው አስቤያለሁ።"

"ንገረው፣ አያምርበትም።"

"ንገረው፣ ማን ሊያየኝ ነው?"

ይህንን ማስተላለፍ አልቻልኩም። ልጅቷ የሻንጣውን ቀበቶ እንደያዘች ቀረች። ባለድስቱ መልእክቱ እስኪደርሰው አልጠበቀም። ድስቷን ወለሉ ላይ አስቀመጠ፣ ፎጣውን የቀጮ አንገት ላይ አሰረ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

ፊት ለፊት ተያዩ። ብሩሹን አንስቶ ሳለ እጁ አየር ላይ ቆመ። ሰውዬው ከስቶ አጥንቱ ሲወጣ፣ ግንባሩና የዓይኑ ዙሪያ ቁርጥ እህቱን ሆኖ ነበር። እኔ ሴትዮዋን አውቃታለሁ፤ እኔ እንኳ ደነገጥኩ። ወንበሩ ወደ በሩ የዞረው ለብርሃን እንዳልሆነ ድሮም አውቅ ነበር፤ ለኩርፊያ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ይህን ፊት ላለማየት ኖሯል። ባለድስቱ ብሩሹን ሳህኑ ውስጥ መልሶ ነከረ፤ የማያስፈልገውን ያህል አዟዟረው። ከዚያ መቀባት ጀመረ።

የመጀመሪያው አረፋ ደህና ነበር። ምላጩ ቁልቁል እየወረደ ከነጩ ጢም ሥር የድሮውን ቀጮ አወጣው። ሁለተኛው ሲቀባ ቀጮ ዓይኑን ጨፈነ፤ ጉንጩ ወደ ውስጥ ገባ። ባለድስቱ አየ። እኔም አየሁ።

"ንገረው፣ ቀዝቅዟል" አለ ቀጮ።

ባለድስቱ ብሩሹን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ወለሉ ላይ ያለችውን ድስት ተመለከታት።

"ንገረው" አለ፤ "ድስቷ ሙቀት አትይዝም።"

ለሁለቱም ምንም አልነገርኩም። ድስቷን አንስቼ ወደ መጋረጃው ጀርባ ሄድኩ። ልጅቷ ተከትላኝ ገብታ ምድጃውን ለኮሰችልኝ። ውሃውን ደፍቼ አዲስ ጣድኩ። መጋረጃው ስስ ነበር፤ ከወዲያ ግን ድምፅ የለም። የሚያስተላልፍ ሰው ስለሌለ ዝም ብለዋል ብዬ አሰብኩ። ሄጄ ልቁምላቸው ወይስ ልተዋቸው እያልኩ ሳወላውል፣ የባለድስቱ ድምፅ መጣ።

"ፊኛህ እንዴት ነው?"

ልጅቷ አየችኝ።

"ደህና ነው" አለ ቀጮ። "ድሮም ደህና ነበር።"

"እኔ እኮ ወንፊት ነው እያልኩ ሳወራ ነው የከረምኩት።"

"ሰምቻለሁ። እዚያው ነበርኩ።"

ምድጃው ላይ ውሃው መንተክተክ ጀመረ።

"ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?"

"ስታስነካቸው ደስ ይልህ ነበር" አለ ቀጮ። ሳል ያዘው፤ እየቆራረጠ ቀጠለ። "የእሷን ድስት ስታስነካቸው። ቀዝቅዛ ይንኳት?"

ልጅቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ውሃው እኮ ፈልቷል" አለችኝ።

"ፈልቷል።"

"ታዲያ?"

"ትንሽ ይቆይ።"

ቆየ። ከዚያ በኋላ የተናገሩት ካለ እኔ አልሰማሁም፤ ድስቷ ትጮህ ነበር። ይዣት ስመለስ ባለድስቱ በባዶ እጁ የቀጮን ጉንጭ ሸፍኖት ነበር፤ የቀዘቀዘው አረፋ እንዳይደርቅ ይሆናል። ሳህኑን ውሃው ላይ አስቀመጥን፤ ጠበቅን፤ እንደገና ቀባው፤ ሽቅብ ጠረገው። ምላጩ አልነከሰም።

ስንወጣ ቀጮ፣ "ድስቷን ረስተሃል" አለ። ባለድስቱን ነው ያለው እንጂ እኔን አልነበረም።

"አልረሳሁም።"

"በምን ልታሞቅ ነው?"

"ማንቆርቆሪያ አለ።"

ልጅቷ ካርቶኖቹን አየች፤ ቦታ የላቸውም። በመንገድ ላይ ባለድስቱ እጆቹን ምን እንደሚያደርጋቸው ጨነቀው፤ ኪሱ ውስጥ ከተታቸው፤ አወጣቸው፤ ወደ ኋላ አጣመራቸው።

በማግስቱ ታክሲያቸው በእኛ በኩል አለፈ። ቀጮ ከኋላ ተቀምጧል፤ ፊቱ ንጹሕ ነው፤ ድስቷ ጭኑ ላይ ናት። ባለድስቱ የጸጉር ቤቱን መዝጊያ ብረት ወደ ላይ እየገፋ ነበር። የሚያውለበልብበት እጅ አልተረፈውም፤ መዝጊያው ከባድ ነው፣ ከለቀቁት ይወርዳል። ታክሲው ጥጉ ጋ እስኪታጠፍ ድረስ እንደዚያው ደግፎት ቆመ።

አሁን አንዲት ቀላል የአሉሚኒየም ድስት ገዝቷል። ወንበሩንም ወደ ድሮ ቦታው መልሶታል፤ ሲሠራ ፊቱ ወደ ውስጠኛው ወንበር ነው። ወንበሩ ባዶ ነው። አንዳንድ ጊዜ፣ "ጎረቤት" ይለኛል።

"አቤት" እላለሁ።

"ምንም" ይላል።

ባለፈው አንድ አዲስ ደንበኛ መጣ። አንድ ጊዜ ተላጨ። ባለድስቱ ምላጩን አስቀምጦ፣ ፎጣ ክንዱ ላይ ጥሎ፣ ወደ ጓሮ ወጣ። ሰውዬው በመስታወቱ ውስጥ እኔን ፈለገኝ።

"አባቴ፣ የት ሄዱብኝ እሳቸው?"

ከጓሮው በር ላይ ማንቆርቆሪያው በፎጣ እንደተሸፈነ ብቅ ሲል አየሁት። ቆሞ እየሰማኝ ነበር።

"ፊኛው ደካማ ነው" አልኩ።

ባለድስቱ ጣሪያውን አየ። ከዚያ የማንቆርቆሪያውን አፍ ከድስቱ ጠርዝ ጋር አስጠግቶ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ትኩሱን ጨመረ።